በ142 ጨዋታ ሁለት ጎል

ሊሊያን ቱራም፦ ሜዳ ላይ የተሰጠውን ቦታ ሁሉ የተቀበለ፣ ከሜዳ ውጪ ግን ሌሎች የመደቡለትን ቦታ እምቢ ያለ ተከላካይ

ለአገሩ ለፈረንሳይ 142 ጊዜ ተሰልፏል። በእነዚህ ሁሉ ጨዋታዎች ያስቆጠረው ጎል ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱም የተቆጠሩት በአንድ ምሽት፣ በአንድ ጨዋታ፣ በአንድ አጋማሽ ውስጥ ነው። ጨዋታው ደግሞ እንዲሁ የወዳጅነት ግጥሚያ አልነበረም፤ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ነበር። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ለብሔራዊ ቡድኑ አንዲት ኳስ እንኳ መረብ ላይ አላሳረፈም።

እግር ኳስን ከልባቸው የሚከታተሉ አንባብያን ሊሊያን ቱራም ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላቸው ያ ምሽት ነው። የዚህን ሰው የሥራ ዘመን ከዳር እስከ ዳር ላየው ሰው ግን ሁለቱ ጎሎች ከታሪኩ ትንሿ ክፍል ናቸው። ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ አማካይ ነበር፤ አሰልጣኞቹ ተከላካይ አደረጉት። በክለቡ የመሃል ተከላካይ ሆኖ ስሙ ሲገን አገሩ በቀኝ መስመር አሰለፈችው። በጁቬንቱስ መስመር ላይም መሃል ላይም ተጫወተ። በ34 ዓመቱ ደግሞ የፈረንሳይ የመሃል ተከላካይ ሆኖ ለሁለተኛ ጊዜ የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ደረሰ። «እዚህ ቁም» በተባለበት ሁሉ ቆሟል፤ በቆመበትም ሁሉ ከዓለም ምርጦች ተርታ ተመድቧል።

ከሜዳ ውጪ ግን «ቦታህ ይሄ ነው» ያለውን ሁሉ ሲሞግት የኖረ ሰው ነው። አመሉ ሁለት ዓይነት ይምሰል እንጂ ምንጩ አንድ ነው። ለመረዳት ከልጅነቱ መጀመር ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ካልተገለፀ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአገዳው ማሳ ልጅ

ሊሊያን ቱራም የተወለደው በ1972 የመጀመሪያ ቀን፣ በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው ጓድሎፕ ደሴት ነው። ጓድሎፕ የፈረንሳይ ግዛት ናት፤ ሕዝቧም የፈረንሳይ ዜጋ ነው። የአብዛኛው ሕዝብ አያት ቅድመ አያቶች ግን በመርከብ ተጭነው ከአፍሪካ የተጋዙና በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት የሠሩ ናቸው። ባርነቱ በሕግ የቀረው በ1848 ነው። አገዳው ግን እስከ ቱራም ልጅነት ድረስ እዚያው ነበር፤ እናቱ ማሪያናም ከማሳው ሠርተዋል።

እናትየው አምስት ልጆች ያሳደጉት ያለ አባት እገዛ ብቻቸውን ነው። ኑሮው አልገፋ ሲላቸው በ1980 ልጆቻቸውን ደሴቲቱ ላይ ትተው ሥራ ፍለጋ ወደ ፓሪስ ሄዱ። ልጅን ለዘመድና ለጎረቤት አደራ ብሎ ባሕር መሻገር ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ቤይሩትም ሆነ ሪያድ ያለች እኅት ወይም እናት ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ማሪያና ቱራም ከአንድ ዓመት በኋላ ልጆቻቸውን ወሰዱ፤ ከፓሪስ ወጣ ብላ በፎንቴንብሎ አጠገብ በምትገኘው አቮን፣ ከየአገሩ የመጡ ቤተሰቦች በታጨቁበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር መኖር ጀመሩ። እናት በፅዳት ሥራ ቤተሰቡን አስተዳደሩ።

ሊሊያን ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ደሴቲቱ ላይ ሳለ ጥቁር መሆኑን አስቦበት አያውቅም፤ ሁሉም ሰው እሱን ይመስል ነበርና። አዲሱ ትምህርት ቤት እንደገባ ግን ልጆቹ ቅጽል ስም አወጡለት። በዚያን ጊዜ በቴሌቪዥን የሚታይ አንድ የካርቱን ፊልም ላይ ሁለት ላሞች ነበሩ፤ ነጯ ብልህ፣ ጥቁሯ ደግሞ ሞኝ። ልጆቹ ቱራምን የጠሩት በሞኟ ጥቁር ላም ስም ነው።

ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እናቱን ለምን እንደዚህ እንደሚሉት ጠየቃቸው። እናትየው ነገሩ እንዲሁ እንደሆነ፣ ሰዎች ዘረኞች እንደሆኑና እንደማይለወጡ ነገሩት። ቱራም ይህን ታሪክ ከዚያ ወዲህ በየመጽሐፉና በየመድረኩ ደጋግሞ አውርቶታል። መልሱን ያልተቀበለው እናቱን ስላላከበረ አይደለም። ደክሟት ከሥራ የገባች እናት የምታውቀውን እውነት እንደነገረችው ያውቃል። ችግሩ መልሱ በሩን የሚዘጋ መሆኑ ነው፤ «ለምን?» ብሎ ለጠየቀ ልጅ «እንዲሁ ነው» የሚለው ቃል መልስ አይሆንም። የቱራም የኋላ ሕይወት ሁሉ ያንን ጥያቄ እንደገና መጠየቅ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

ከአማካይ ወደ ተከላካይ

ሰፈር ውስጥ ከፖርቱጋል ስደተኛ ልጆች ክለብ ጋር ኳስ መጫወት ጀመረ። ጸባዩ ጭምት ነበር፤ በልጅነቱ ቄስ የመሆን ሐሳብ እንደነበረውም ራሱ ተናግሯል። ጥሩ ሯጭ፣ ብርቱና ኳስ የማይፈራ ልጅ ስለነበር የሚጫወተው በአማካይ ስፍራ ነበር። በ18 ዓመቱ ገደማ የሞናኮ ክለብ ተቀበለው። የሞናኮ አሰልጣኝ ማን ነበሩ ቢሉ፣ ኋላ ላይ የአርሰናል ደጋፊዎቻችን ከቤተሰብ አባል እኩል የሚያውቋቸው አርሴን ቬንገር ናቸው።

በሞናኮ መጀመሪያ ላይ ጉልበቱን ተጎዳ። ከጉዳቱ ከተመለሰ በኋላ ቦታው ወደ ኋላ መስመር ተሸጋገረ፤ ተከላካይ ሆነ። በዚያ ዕድሜ ላለ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አማካይ ኳሱን እያየ ይጫወታል፣ ያቀብላል፣ ጎል ያመቻቻል፣ ይሞገሳል። ተከላካይ ግን ጥሩ ሲሠራ የሚያስተውለው ጥቂት ነው፤ አንዴ ሲሳሳት ግን ስታዲየም ሙሉ ሰው ያየዋል። ቱራም አላኮረፈም። አማካይ ሆኖ የተማረውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ኳስ ነጥቆ እንዲሁ ወደ ሰማይ ከመጠለዝ ይልቅ ለጓደኛው ያቀብላል፤ ጊዜው ሲፈቅድም ኳሷን ይዞ ወደ ፊት ይወጣል።

በነሐሴ 1994 ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰለፈ። ቦርዶ ከተማ ላይ ከቼክ ሪፐብሊክ ጋር 2ለ2 የተጠናቀቀ ጨዋታ ነበር። ያን ቀን ጋዜጦች ያወሩት ስለሌላ ጀማሪ ነው፤ ተቀይሮ ገብቶ ሁለቱንም ጎሎች ስላስቆጠረው ዚነዲን ዚዳን። ሁለቱ በአንድ ቀን ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ለ12 ዓመታት አንዱ ከፊት ሲያበራ ሌላው ከኋላ ሲዘጋ ቆዩ።

አንድ ሰው፣ ሁለት ቦታ

በ1996 ቱራም ወደ ጣሊያኑ ፓርማ ተዛወረ። የዚያን ጊዜው የጣሊያን ሊግ ለአጥቂ ሲኦል፣ ለተከላካይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ነበር ይባል ነበር። ፓርማ ትንሽ ከተማ ናት፤ ግን በዚያ ዘመን የሰበሰበችው የተከላካይ መስመር ጉድ የሚያሰኝ ነው። በረኛው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረው ጃንሉዊጂ ቡፎን፣ ከፊቱ ፋቢዮ ካናቫሮ፣ ከጎኑ ሊሊያን ቱራም። በካርሎ አንቸሎቲ አሰልጣኝነት በመጀመሪያው ዓመት ፓርማ ከሻምፒዮኑ ጁቬንቱስ በሁለት ነጥብ ብቻ አንሶ ሁለተኛ ወጣ።

እዚያ የቱራም ዋና ቦታ መሃል ላይ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ ሲጠራው ግን በቀኝ መስመር ይሰለፋል፤ ምክንያቱም ፈረንሳይ መሃሉን ለሎራን ብላንና ለማርሴል ዴሳዪ ሰጥታ ነበር። እንግዲህ ኳስን አዘውትረው ለማይከታተሉ አንባብያን የሁለቱን ቦታ ልዩነት በአጭሩ እንንገራቸው።

የመሃል ተከላካይ የቤቱ ምሰሶ ነው። ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ያያል፤ ጓደኞቹን በድምፅ ያሰልፋል፣ መስመሩን ወደ ፊት ያወጣል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል። የሚያስፈልገው ጉልበት፣ ቁመትና ከሁሉም በላይ አስቀድሞ ማሰብ ነው። የመስመር ተከላካይ ደግሞ በሩ ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። አንድ ጎኑ የሜዳው መስመር ስለሆነ ግማሽ ዓለሙ ዝግ ነው። የሚገጥመው ከቡድኑ ፈጣን የሆነውን የክንፍ ተጫዋች ነው፤ በዚያ ላይ የራሱ ቡድን ሲያጠቃ ሜዳውን ሙሉ ሮጦ ማገዝ፣ ኳሱ ሲጠፋ ደግሞ ሜዳውን ሙሉ ሮጦ መመለስ አለበት። አንዱ አእምሮ፣ ሌላው ሳንባ ይጠይቃል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ እያፈራረቀ፣ ቅዳሜ ለክለቡ መሃል፣ ረቡዕ ለአገሩ መስመር ላይ ቆሞ በሁለቱም ከምርጦቹ አንዱ የሚሆን ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ቱራም ራሱ የሚመርጠው መሃሉን ነበር። ሆኖም ቡድኑን ያስቀደመ ሰው ነው፤ ከብላንና ከዴሳዪ አንዱን አስነስቶ ከመቀመጥ ይልቅ ማንም ያልሞላውን ክፍተት መሙላትን መረጠ። ቀኙ ቱራም፣ መሃሉ ብላንና ዴሳዪ፣ ግራው ቢሴንቴ ሊዛራዙ የሆነው መስመር በእግር ኳስ ታሪክ ከታዩ ጠንካራ መስመሮች አንዱ ሆነ። በ1998ቱ የዓለም ዋንጫ በሰባት ጨዋታ ፈረንሳይ ላይ የተቆጠሩት ጎሎች ሁለት ብቻ ናቸው።

ያቺ ምሽት

ከሁለቱ ጎሎች አንዷ የተቆጠረችው በራሱ በቱራም ስህተት ነው። ቀኑ ሐምሌ 8 ቀን 1998 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 1 ቀን 1990 ዓ.ም.። ስታድ ደ ፍራንስ ላይ ፈረንሳይ ከክሮኤሺያ ጋር ለፍፃሜ ለማለፍ ትጫወታለች። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ሁለተኛው ገና እንደተጀመረ ክሮኤሺያውያን ኳሷን ከኋላ ለዳቮር ሹከር ላኩለት። ሦስቱ ተከላካዮች ወደ ፊት ወጥተዋል፤ ቱራም ግን አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሹከርን ከኦፍሳይድ ያዳነው የእሱ መዘግየት ነው። ሹከር አልሳተም። ክሮኤሺያ 1ለ0።

አንድ ተከላካይ በሙሉ አገር ፊት ሲሳሳት ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንገቱን ደፍቶ ጨዋታው እስኪያልቅ መደበቅ አንዱ ነው። ቱራም ሌላውን መረጠ። ጨዋታው እንደተጀመረ ወደ ፊት ሄደ፣ በክሮኤሺያ የፍፁም ቅጣት ክልል አቅራቢያ ከአምበሉ ዝቮኒሚር ቦባን እግር ኳሷን ነጠቀ፣ ከዩሪ ጆርካዬፍ ጋር ተቀባብሎ በቀኝ እግሩ መታት። ጎል! ስህተቱ ከተፈጠረ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላውም ነበር።

በ70ኛው ደቂቃ አካባቢ እንደገና ወጣ። ሮበርት ያርኒን ታግሎ ኳሷን አስጣለው፣ በማይታመንበት በግራ እግሩም ከሳጥኑ ጠርዝ ጠምዝዞ ወደ ጥጉ ላካት። ፈረንሳይ 2ለ1። ከዚያ የሆነውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ ቱራም ሜዳው ላይ ተንበርክኮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አንድ ነገር የሚያሰላስል መስሎ ቀረ። ጓደኞቹ እየጮሁ ሲከመሩበት እሱ ገና ምን እንደተፈጠረ የሚያስብ ይመስል ነበር። ኋላ በ2004 ላሳተመው የሕይወት ታሪኩ የሰጠው ርዕስ የዚያች ምሽት ቀን ነው።

ብላን በቀይ ካርድ ቢወጣም ፈረንሳይ ውጤቱን አስጠበቀች። ከአራት ቀን በኋላ ብራዚልን 3ለ0 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫን አነሣች። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋቾች ሲመረጡ አንደኛ ሮናልዶ፣ ሁለተኛ ሹከር፣ ሦስተኛ ደግሞ ቱራም ሆነ። ሁለቱ አጥቂዎች ናቸው፤ ሦስተኛው የቀኝ መስመር ተከላካይ፣ ያውም ቦታው ምርጫው ያልነበረ ተከላካይ ነው።

መውጣትና መውረድ

በቀጣዩ ዓመት ፓርማ የጣሊያን ዋንጫንና የአውሮፓ ክለቦች የዩኤፋ ዋንጫን ወሰደ። በሞስኮው ፍፃሜ የተሸነፈው የፈረንሳዩ ማርሴይ ነበር፤ ውጤቱ 3ለ0፣ የማርሴይ አምበልም የብሔራዊ ቡድን ጓደኛው ሎራን ብላን። በ2000 ደግሞ ፈረንሳይ የአውሮፓ ዋንጫን ስትወስድ በፍፃሜው ቱራም የገጠማቸው ከዕለት ተዕለት የፓርማ ጓደኛው ካናቫሮ ጋር ጣሊያኖቹን ነው። ጣሊያን ልታሸንፍ ሴኮንዶች ሲቀሯት ዊልቶርድ አቻ አደረገ፤ በጭማሪ ሰዓት ትሬዜጌ ጨዋታውን ዘጋው።

በ2001 ክረምት ቱራምና ቡፎን አብረው ወደ ጁቬንቱስ ተዛወሩ። የተከፈለላቸው ገንዘብ በዚያ ዘመን ለተከላካይና ለበረኛ የማይታሰብ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሁለት ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ። በ2003 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ ደርሰው ማንቸስተር ላይ በኤሲ ሚላን በፍፁም ቅጣት ምት ተሸነፉ። በማርቼሎ ሊፒ ጊዜ ብዙውን በቀኝ መስመር፣ በፋቢዮ ካፔሎ ጊዜ ደግሞ ከካናቫሮ ጋር መሃል ላይ ነበር።

ሁሉም ግን ድል አልነበረም። በ2002 የዓለም ዋንጫ ሻምፒዮኗ ፈረንሳይ በሴኔጋል 1ለ0 ተሸንፋ፣ በሦስት ጨዋታ አንዲት ጎል እንኳ ሳታስቆጥር ወደ አገሯ ተመለሰች። በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ግሪክ አሰናበተቻት፤ ቱራምም ከብሔራዊ ቡድን ተሰናበተ። በ2006 ደግሞ ጁቬንቱስ በዳኞች ምደባ ቅሌት ተከሶ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ፤ የ2005 እና የ2006 የሊግ ዋንጫዎቹንም ተነጠቀ። በ34 ዓመቱ ክለብ መቀየር ግድ ሆነበት፤ ባርሴሎና ተቀበለው።

ወደ ወደደው ቦታ

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። በ2005 ፈረንሳይ ለዓለም ዋንጫ ማለፏ አጠራጣሪ ሲሆን አሰልጣኙ ሬሞን ዶሜኔክ የተሰናበቱትን አዛውንቶች ለመኑ፤ ዚዳን፣ ክላውድ ማኬሌሌና ቱራም ተመለሱ። ብላንና ዴሳዪ ከብሔራዊ ቡድኑ ተሰናብተዋል። ለአሥር ዓመት ገደማ መስመር ላይ የቆመው ሰው አሁን የመሃሉ ምሰሶ ሆነ፤ ጓደኛው ዊሊያም ጋላስ ነበር።

የጀርመኑ የ2006 የዓለም ዋንጫ ለተከላካይ ወዳጆች ድግስ ነበር። ፈረንሳይ ስፔንን፣ ብራዚልንና ፖርቱጋልን ጥላ ፍፃሜ ደረሰች። በሰባት ጨዋታ የገባባት ሦስት ጎል ብቻ ነው። ከፖርቱጋል ጋር በተደረገው ግማሽ ፍፃሜ የጨዋታው ኮከብ ሆኖ የተመረጠው ቱራም ነበር፤ በዚህኛው ግማሽ ፍፃሜ ደግሞ አንድም ጎል አላስቆጠረም፣ ማንም እንዲያስቆጥር ግን አልፈቀደም። ፍፃሜው በዚዳን ቀይ ካርድና በጣሊያን የፍፁም ቅጣት ምት ድል ተቋጨ። ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ያነሣው የጣሊያን አምበል ማን ነበር? የፓርማና የጁቬንቱስ ጓደኛው ካናቫሮ።

በዚያው ውድድር ቱራም የዴሳዪን የ116 ጨዋታ ክብረ ወሰን አለፈ። በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ሲያቆም 142 ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህን ቁጥር ያለፈው ከ14 ዓመት በኋላ በረኛው ሁጎ ሎሪስ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ግን የሚያኮራ አልነበረም፤ ኔዘርላንድስ 4ለ1 ያሸነፈችበት ነው። ያን ክረምት ወደ ፓሪስ ሴን ዠርሜን ሊዛወር የጤና ምርመራ ሲያደርግ ሐኪሞች በልቡ ላይ ችግር አገኙ። በ36 ዓመቱ መጫወት አቆመ።

እምቢ ያለው ቦታ

ብዙ ተጫዋች ኳስ ሲያቆም ማንነቱ አብሮ ይቆማል። ቱራም ግን ሌላ ሥራ ቀድሞ ጀምሮ ነበር። ገና እየተጫወተ ሳለ፣ በ1996 የፖለቲካ ሰው የሆኑት ዣን ማሪ ለፔን ብሔራዊ ቡድኑ እውነተኛ ፈረንሳያውያን የሉበትም ዓይነት ንግግር ሲያደርጉ ሰምቷል። ከአሥር ዓመት በኋላ ይኸው ነገር ሲደገም ቱራም ራሱ መለሰላቸው፤ ሰውየው ጥቁርም፣ ነጭም፣ ጠይምም ፈረንሳዊ መኖሩን ሳያውቁ አልቀሩም የሚል ነበር መልሱ። በ2005 በከተማ ዳር ሰፈሮች ረብሻ ሲነሣ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ኒኮላ ሳርኮዚ ወጣቶቹን በስድብ ቃል ሲጠሩ፣ እኔም እዚያ ሰፈር ያደግሁ ነኝ ብሎ ተቃወማቸው። በመስከረም 2006 ደግሞ ከፓሪስ አጠገብ ከሚኖሩበት ሕንፃ በፖሊስ የተባረሩ ስደተኞችን እሱና ፓትሪክ ቪዬራ ከጣሊያን ጋር የሚደረገውን ጨዋታ ስታዲየም ገብተው እንዲያዩ ጋበዟቸው።

በ2008 በስሙ ዘረኝነትን በትምህርት የሚታገል ፋውንዴሽን አቋቋመ። «በትምህርት» የሚለው ቃል ላይ ትኩረት አድርጉ። የቱራም ሐሳብ ማንም ሰው ዘረኛ ሆኖ አይወለድም፣ ይማረዋል እንጂ የሚል ነው፤ የተማሩትን ደግሞ መርሳት ይቻላል። ይህ ለእናቱ የዚያን ጊዜ መልስ የተሰጠ ምላሽ ነው።

በ2010 ያሳተመው መጽሐፍ «ጥቁር ኮከቦቼ» ይሰኛል። ትምህርት ቤት ሳለ ስለ ጥቁር ሕዝብ የነገሩት ነገር ከባርነት የሚጀምር ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰው ያልነበረ ይመስል። ስለዚህ ለልጆች የሚሆን ሌላ ዝርዝር አዘጋጀ፤ ሳይንቲስቶች፣ ነገሥታት፣ ገጣሚያን፣ የነፃነት ታጋዮች። ዝርዝሩ ከማን ይጀምራል ቢሉ ከእኛዋ ከድንቅነሽ ነው፤ የመጽሐፉ ንዑስ ርዕስ «ከሉሲ እስከ ባራክ ኦባማ» ይላል። በሐዳር አሸዋ ላይ የተገኘችው አጥንት ፓሪስ ዳርቻ ባለ ትምህርት ቤት ለሚሰደብ ልጅ መልስ ሆና ቀረበች፤ የሁላችንም መነሻ ከአንድ ቦታ ነው የሚል መልስ።

በ2011 ፓሪስ በሚገኘው የኬ ብራንሊ ሙዚየም የተከፈተውን ትልቅ ዐውደ ርእይ በዋና ኃላፊነት መራ። ርእሰ ጉዳዩ አውሮፓውያን ከቅኝ ግዛት ያመጧቸውን ሰዎች እንደ አራዊት በአጥር ውስጥ ለተመልካች ያቀርቡበት የነበረው ዘመን ነው። ይህ ለቱራም የሩቅ ታሪክ አልነበረም። አብሮት በ1998 የዓለም ዋንጫን ያነሣው ክርስቲያን ካረምቡ ቅድመ አያቱ በ1931 ከኒው ካሌዶኒያ መጥተው ፓሪስ ላይ በዚህ መልክ ለዕይታ ቀርበው ነበር። የልጅ ልጃቸው ልጅ በዚያችው ከተማ ዳር ዋንጫ ይዞ በሰማንያ ሺህ ሰው ተጨበጨበለት።

እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ቱራሞች ምስጢር የሚገለጠው። ሜዳ ላይ አሰልጣኝ «መስመር ላይ ቁም» ሲለው ቆሟል፤ ምክንያቱም ያ ቦታ የሚሰጠው በችሎታውና በቡድኑ ፍላጎት ነው፤ ነገ ሊቀየር ይችላል፤ እሱም ተቀየረ። በቆዳው ቀለም ምክንያት የሚሰጠው ቦታ ግን ችሎታን አይጠይቅም፣ ነገም አይቀየርም። የመጀመሪያውን መቀበል ትሕትና ነው፤ ሁለተኛውን መቀበል ውርደት ነው። ሁለቱን የማይለይ ሰው ወይ በሁሉም ይጣላል፣ ወይ ለሁሉም ይንበረከካል።

ስም አውጥቶ ያሳደጋቸው

ቱራም ልጆቹ ሲወለዱ ስም የሰጣቸው አስቦበት ነው። የመጀመሪያው በ1997 ፓርማ ተወለደ፤ ስሙ ማርከስ። የጃማይካው ማርከስ ጋርቬይ መታሰቢያ ነው፤ የዓለም ጥቁር ሕዝብ ፊቱን ወደ አፍሪካ እንዲያዞር የሰበከና የንቅናቄው መዝሙር ኢትዮጵያን «የአባቶቻችን ምድር» እያለ የሚጠራ ሰው። ሁለተኛው በ2001 ተወለደ፤ ስሙ ኬፍረን፣ በጊዛ ሁለተኛውን ትልቅ ፒራሚድ ያሠራው ፈርዖን። በላም ስም የተጠራው ልጅ ለልጆቹ የንጉሥና የታጋይ ስም አወጣላቸው።

ሁለቱም ኳስ ተጫዋች ሆኑ፤ አንዳቸውም ግን እንደ አባታቸው ተከላካይ አልሆኑም። ማርከስ አጥቂ ነው፤ በ2023 ኢንተር ሚላንን ተቀላቅሎ በመጀመሪያ ዓመቱ የጣሊያን ሻምፒዮን ሆነ። ኬፍረን አማካይ ነው፤ በ2024 አባቱ ወደ ተጫወተበት ጁቬንቱስ ሄደ። አባትየው ገና በልጅነቱ ወደ ተነሣበት ቦታ፣ ወደ አማካዩ፣ ታናሹ ልጅ ተመለሰ ማለት ነው።

በ2022 የዓለም ዋንጫ ፍፃሜ ማርከስ ተቀይሮ ገብቶ ከአርጀንቲና ጋር ተጫወተ፤ ፈረንሳይም በፍፁም ቅጣት ምት ተሸነፈች። አባቱ በ2006 እንዲሁ በፍፁም ቅጣት ምት የተሸነፈበትን ፍፃሜ ያስታወሰ ሁሉ ነገሩ ገርሞታል። ሌላው ውርስ ግን ከዚህ ይበልጣል። በግንቦት 2020 ጆርጅ ፍሎይድ አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ እጅ ከተገደለ ከቀናት በኋላ፣ በጀርመን ሊግ ለመንሽንግላድባህ ይጫወት የነበረው ማርከስ ጎል አስቆጥሮ አንድ ጉልበቱን መሬት ላይ አድርጎ ተንበረከከ። ተመልካች አልነበረም፤ ኮሮና ስታዲየሞቹን ዘግቶ ነበር። ልጁ ግን ማን እንደሚያየው ሳይሆን ለምን እንደተንበረከከ ያውቅ ነበር።

ልጆች የሚያሳድጉ አንባብያን ከዚህ ሰው ታሪክ ምን ይወስዳሉ? አንዱ ለልጅ «የተሰጠህን ሥራ አትናቅ» ማለት ነው፤ የመስመር ተከላካይ ሆኖ የዓለም ሦስተኛ መባል እንደሚቻል ቱራም አሳይቷል። ሌላው ደግሞ ልጁ ከትምህርት ቤት እያለቀሰ ሲመጣ የሚሰጠው መልስ ነው። ቤት ውስጥ ደክሞን ስንገባ «እንዲሁ ነው» ማለት ይቀላል። ማሪያና ቱራም ያን መልስ የሰጡት ስለጨከኑ አይደለም፤ ጊዜ ስላልነበራቸው ነው። ልጃቸው መልሱን ፈልጎ ለማግኘት ሠላሳ ዓመት ፈጀበት። ሲያገኘው ግን ለራሱ ብቻ አላስቀረውም፤ የሌሎች ሰዎች ልጆች ሲጠይቁ እንዲያገኙት በመጽሐፍ ጻፈው።